ገብቶኝ ነበር

ቾልን አማርኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን የሚያውቁ የጋምቤላ ሰዎች እስከ ዛሬ ያመሰግኑኛል። አንድ የጤና ቢሮ ባለሙያ የምሳ ሰዓቱን ሰውቶ የቢሮውን ዘበኛ ፊደል ማስቆጠሩ ትልቅ ደግነት ይመስላቸዋል። ደግነት አልነበረም። ምን እንደነበረ ልጽፈው ነው፤ ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ግን አይደለም።

ከፈለ እባላለሁ። ሙያዬ የአካባቢ ጤና ጥበቃ ነው፤ ሳኒታሪያን ይሉናል፣ ሕዝቡ ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ይላል። ጋምቤላ የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ ከወሎ የተነሡትን ሰፋሪዎች ተከትዬ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ጓደኞቼ ሻንጣቸውን ሸክፈው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። አገሩ ክልል ሆነ፣ የራሱ ምክር ቤት ኖረው፣ የራሱ ጤና ቢሮ ተከፈተለት። ቢሮው ማለት ያኔ አንድ ቶዮታ፣ አንድ የታይፕ መኪና፣ ኮርኒሱ ውስጥ የሌሊት ወፍ የሚርመሰመስበት አራት ክፍል ነበር።

አዲሱ የአገሪቱ የጤና ፖሊሲ ከአዲስ አበባ የደረሰን ሳምንት የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ገጠሩ ይቅደም ይላል። ከማከም በፊት መከላከል ይላል። ክልሎች የጤና አገልግሎታቸውን ራሳቸው ያደራጁ ይላል። ዕድሜ ልኬን ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ውኃ አፍሉ እያልኩ ሰሚ ያጣሁ ሰው ነኝና፣ የእኔን ጩኸት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈልኝ መሰለኝ። ቅጂውን ትራስጌዬ አድርጌ ነበር የምተኛው።

ፖሊሲው ክልላችን ውስጥ ሥራ ላይ እንዲውል ምክር ቤቱ የራሱን አዋጅ ማውጣት ነበረበት። የረቂቁ እምብርት አንቀጽ ሰባት ነው፤ ነዋሪ በሌለበት ቦታ የተተከለ ክሊኒክ ዕቃውና ሠራተኛው ሕዝብ ወዳለበት ይዛወር የሚል። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ሰዎቹ ጥለውት የሄዱትን መንደር የሚጠብቁ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ዝንብ ሲያባርሩ የሚውሉ ጤና ረዳቶች ነበሩን። በሌላ በኩል አቦቦ አካባቢ ሺህ ሰው የሚኖርበት የሰፈራ መንደር አንድ መርፌ የሚወጋ ሰው አልነበረውም። እናም ማን የት እንዳለ ይቆጠር ተባለ። የቢሮው ኃላፊ አቶ አለማየሁ ከኢታንግ ወዲያ ያለውን የባሮ ዳር ለእኔ ሰጡኝ። ዘጠኝ ክሊኒክ፣ አሥራ ሁለት ቀን። ወሩ የካቲት ነበር።

ኮትጋር የዘጠኙ መጨረሻ ነበረች። ስደርስ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው፤ እግሬ ውኃ ቋጥሯል፣ ሸሚዜ በላብ ጨው ነጥቷል። ሾፌሩ ነጂብ ሳይመሽ ኢታንግ ካልገባን ጥሎኝ እንደሚሄድ ከጠዋት ጀምሮ ሲዝትብኝ ነበር። መንደሩ ጭር ብሏል። ጎጆዎቹ ቆመዋል፣ በሮቻቸው ግን በሣር ተዘግተዋል። ጥላ ሥር የተቀመጡ አሥራ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ቆጠርኩ። ክሊኒኩ ብቻ ተጠርጎ፣ ደጁ ላይ ውኃ ተርከፍክፎበት ጠበቀኝ። ጤና ረዳቷ ስንታየሁ ለመውለድ ጎሬ ሄዳ ስለነበር እኔን ለመቀበል የተነሣው ቾል ብቻ ነበር።

ቾል የክሊኒኩ ጽዳትም፣ ካርድ አውጪም፣ አስተርጓሚም ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። አማርኛው ከኢታንግ ገበያ የለቀማት ጥቂት ቃል ነበረች። «ማሌ» አለኝ። ሰላም ማለት ነው፤ ከኑዌርኛ እኔ የማውቃት እሷን ብቻ ነው።

«ሰዉስ የት አለ?» አልኩት።

«ሰው አለ። ላም ጋር ሄደ፣ ባሮ ሄደ። በጋ ነው፣ ሣር የለም። ዝናብ መጣ፣ ሰው መጣ። ብዙ ሰው።» እጁን ከዳር እስከ ዳር ዘረጋልኝ። «ነገ አንተ እኔ ጋር ሂድ። አሳይህ።»

«ሩቅ ነው?»

«ጠዋት ሂድ። ፀሐይ እዚህ፣ ደረስክ» አለና ወደ አናቱ አመለከተ።

ሁሉም ገብቶኝ ነበር። የግማሽ ቀን መንገድ እንደሆነ ገብቶኛል። የኑዌር ሰው በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ እንደሚወርድ፣ ክረምት ሲገባ ወደ ከፍታው፣ ወደ መንደሩ እንደሚመለስ ደግሞ ቾል ባይነግረኝም አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ኖሬበታለሁ። ነጂብ ጡሩምባውን ነፋ። «እሺ፣ እሺ» አልኩት ቾልን።

ቅጹ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በቆጠራው ዕለት የተገኘ ነዋሪ ብዛትና «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ። ብዛቱን አሥራ አንድ ብዬ ሞላሁ። ምርመራው ላይ፣ መኪናዋ ኮፈን ላይ ተደግፌ፣ «ነዋሪው ቦታውን ለቅቆ ሄዷል» ብዬ ጻፍኩ። «ለበጋ ወንዝ ወርዷል» ብዬ ብጽፍ የሚወስደው ቀለም ያው ነበር። ግን እንደዚያ ከጻፍኩ አቶ አለማየሁ «ታዲያ ወርደህ ለምን አልቆጠርክም?» ይሉኛል። እግሬን አሞኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

አዋጁ በመጋቢት ለምክር ቤቱ ቀረበ። አዳራሹ ሙቀቱ አያድርስ ነው። ንግግሩ በአማርኛ ይጀመርና ወደ አኙዋክኛ፣ ወደ ኑዌርኛ፣ ወደ መዠንግርኛ እየተተረጎመ ይዞራል፤ አንዲት አንቀጽ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። አቶ አለማየሁ ጥናቱን አነበቡ። ኮትጋር ላይ ሲደርሱ የእኔን ምርመራ እንዳለ አነበቡት።

አንድ አዛውንት የኑዌር ተወካይ እጃቸውን አወጡ። «በየትኛው ወር ነው የተቆጠረው?» አሉ በአስተርጓሚ።

አቶ አለማየሁ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሣሁ። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። «ቦታው ድረስ ሄጄ በዓይኔ አረጋግጫለሁ» አልኩ።

የተጠየቅኩት ሌላ፣ የመለስኩት ሌላ። አዛውንቱ ጥቂት ቆመው አዩኝ። የመንግሥት ባለሙያ በዓይኔ አየሁ ካለ ምን ይባላል? ተቀመጡ። አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀና አጨበጨብን። እኔ እንኳ ጠንከር አድርጌ ነበር ያጨበጨብኩት።

ኮትጋርን የመንቀሉ ሥራ በሚያዝያ ለእኔው ተሰጠ። አልጋ፣ ሚዛን፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥን፣ በላምባ የሚሠራው ፍሪጅ። ፍሪጁ ውስጥ የነበረውን ራሴ አወጣሁት። ከክትባቱ ጎን ስድስት ብልቃጥ መርፌ ነበረች፤ ሴት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ሲል የምትወጋው። በበረዶ ሣጥን ውስጥ አሸግኋት። ቾል ፍሪጁን በአንድ በኩል ይዞ፣ እኔ በሌላው፣ እስከ መኪናው ተሸከምነው። ሚስቱ ኛኳች ነፍሰ ጡር ስለነበረች ከወንዙ ከሰው ሁሉ ቀድማ ተመልሳለች፤ ጎጆዋ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

«ዝናብ መጣ፣ ይሄ መጣ?» አለኝ ቾል ፍሪጁን እያሳየ።

«እናያለን» አልኩት።

ለእሱ ከተማ፣ ቢሮው ውስጥ የዘበኝነት ሥራ አገኘሁለት። ሚስቱ ከዘመዶቿና ከከብቶቹ ጋር ቀረች፣ እሱ ኒውላንድ ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራየ። ከሥራ አለመፈናቀሉን እንደ ውለታ ቆጠርኩለት፤ ኅሊናዬንም ለጊዜው በዚያ አባበልኩት።

ዕቃው አቦቦ አጠገብ ወደምትገኘው የሰፈራ መንደር ሲገባ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉን። እናትነሽ የምትባል የወሎ ሴት ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ሁለት ልጆቿ በወባ ሞተውባታል። ስንታየሁም አራስ ልጇን አዝላ እዚያው ሥራ ጀመረች። በዚያ ዓመት በዚያች ክሊኒክ የዳኑ ልጆች አሉ። ይህን ለራሴ እንደ ጠበቃ አቁሜ ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ገባ። አንድ ጠዋት ቾል የቢሮውን በር ሲከፍትልኝ «ዝናብ መጣ» አለኝ። «ሰው መጣ። ኮትጋር ሙሉ ሰው።»

«አዋጅ ነው፣ ቾል። በዓመቱ ግምገማ አለ፤ ያኔ ይታያል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና በሩን ዘጋ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ሰዎች ቢሮው በር ላይ ደረሱ። ጎርፉ ሜዳውን ስለሸፈነው ሁለት ቀን ሙሉ በታንኳ ቀዝፈው ነው የመጡት። ከቾል ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ቾል ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ የዘበኛ ካፖርቱን አውልቆ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና አብሯቸው ወደ ወንዙ ወረደ። ኛኳች ከሁለት ቀን በፊት ንጋት ላይ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ደሟ አልቆም ብሎ፣ ቀትር ሳይሆን መሞቷን የነገረኝ ሌላው ዘበኛ ነው። ሕፃኗን የኛኳች እኅት ኛኮንግ ወስዳታለች አለኝ።

እነዚያ ስድስት ብልቃጦች ትዝ አሉኝ። ያን ቀን አንድ ፋይል ከፍቼ አንዱ ገጽ ላይ እንዳፈጠጥኩ ዋልኩ። በሳምንቱ ለቁጥጥር ወደ አቦቦ ስሄድ ስንታየሁን እንደ ዋዛ ጠየቅኋት። «ያቺ የደም መርፌ ታድናለች?»

«በጊዜ ከተወጋች ብዙዎቹን ታድናለች» አለችኝ። «እዚህ እንኳ ሁለት አራስ ወግቼ ሁለቱም ድነዋል። አራት ቀርታኛለች።» ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። የመጣሁበትን የቁጥጥር ቅጽ ሳልሞላ ተመለስኩ።

ቾል ከወር በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ፀጉሩን ተላጭቷል። አንድ ቀን ለምሳ ስወጣ በር ላይ አስቆመኝ፤ እጁ ላይ አዲስ ደብተር አለ።

«አማርኛ አስተምረኝ» አለ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ያን ቀን አንተ መጣህ፣ እኔ ነገርኩህ። የእኔ አማርኛ መጥፎ ነው። አንተ አልገባህም። እሺ እሺ አልክ። ደገኛ ሳይገባው እሺ ይላል፣ አውቃለሁ። እኔ ጥሩ ብናገር፣ ክሊኒክ አለ። ኛኳች አለች።»

ገብቶኝ ነበር ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ ሁለት ቃል ናት። ያን ጊዜ ብላት ኖሮ ቢመታኝም፣ ቢሰድበኝም፣ ቢያንስ ሚስቴን የገደልኳት እኔ ነኝ እያለ አይኖርም ነበር። እኔ ግን «ነገ እንጀምር» አልኩት።

ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ባሮ ዳር ካለ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ፊደሉን ቶሎ ያዘ። ሰላምታና ገበያ ላስተምረው ስል ግን አይጥመውም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ያን ቀን ለእኔ መናገር የነበረበትን። በጥሩ አማርኛ እንዴት ይባላል ይለኛል። እነግረዋለሁ። ይጽፈዋል። «የኮትጋር ሰዎች አሉ። በጋ ስለሆነ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ባሮ ወርደዋል። ዝናብ ሲጥል ይመለሳሉ። እባክዎ ነገ አብረን እንሂድና ላሳይዎት።» አንድ ገጽ ሞላው፤ ቀጣዩን ገጽም ያንኑ ሞላው። ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ አርምለታለሁ።

ዕረፍት ሲሰጠው ወደ ኮትጋር ሄዶ ልጁን አይቶ ይመጣል። ጥርስ አበቀለች ይለኛል፣ ኛኳችን ትመስላለች ይለኛል። ክሊኒኩ ሲመለስ እሱም ወደ ድሮ ሥራው ተመልሶ ልጁን ራሱ ያሳድጋል፤ ሌላ ሐሳብ የለውም።

አንድ ቀን ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጬ ወጣሁ። ማንጎው ሥር ስደርስ ቾል በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ዘረጋልኝ። የደረቀ ዓሣ ነው። «ኛኮንግ ላከችልዎት» አለ። «ለአስተማሪው ስጥ አለች።» አንተ ማለቱን ትቶ እርስዎ ካለኝ ወር አልፎታል። ዓሣውን ተቀበልኩ። ቤቴ ወስጄም በላሁት፤ ብጥለው ደግሞ ሌላ ኃጢአት መሰለኝ። እየከሳሁ ስሄድ ቢሮ ውስጥ ወባ ነው አሉኝ፤ ክኒን ሰጡኝ፣ ዋጥኩላቸው።

ጥር መጨረሻ ላይ ያቺን ገጽ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ደብተሩን ዘግቶ «አሁን ቢሆን ይገባዎታል?» አለኝ።

«ይገባኛል» አልኩት።

የአዋጁ የአንድ ዓመት ግምገማ ለመጋቢት ተቀጠረ። የኮትጋር ሰዎች ክሊኒካችን ይመለስልን ብለው አቤቱታ ላኩ፤ በክረምቱ የሞቱትን ሰዎች ስም ዘርዝረዋል፣ የኛኳች ስም አራተኛ ነው። አማርኛ የሚያውቅልን ቾል ነው ብለው እሱን ወኪል አደረጉ። አቶ አለማየሁ ቢሯቸው ጠሩኝ። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ክሊኒኩ እንዲመለስ ከልባቸው ይፈልጉ ነበር።

«አንቀጽ ሰባትን እናሻሽላለን። ቆጠራ በበጋም በክረምትም ይካሄድ እንላለን» አሉኝ። «ግን ምክር ቤቱ ስሕተቱ ከየት መጣ ብሎ ይይዘናል። ዘበኛው ራሱ በቋንቋ ችግር ነው ይላል አሉ። እንደዚያ ነው?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ወሰዱት።

«እንግዲያው ስሕተቱ በአስተርጓሚ ችግር የተፈጠረ ነው ብለህ አንድ ገጽ አዘጋጅልኝ። ክሊኒኩ ሲመለስም ከድሮው የተሻለ የቋንቋ ችሎታ ያለው ሰው ይመደብበታል።»

«ቾልስ?»

«እዚሁ በዘበኝነቱ ይቀጥላል። ምን ጎደለበት?»

ልጁ ትጎድልበታለች ማለት ነበረብኝ። ጻፍኩላቸው። የሚከብደው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ከዓመት በፊት መኪና ኮፈን ላይ ጽፌዋለሁ።

በስብሰባው ቀን ቾል የለበሰው ሸሚዝ የእኔ ነበር። ለምክር ቤት የሚሆን የለኝም ሲለኝ አበደርኩት፤ እጅጌው አጥሮበታል። ስሙ ሲጠራ ተነሣ። ወረቀት አልያዘም። ያ ሁሉ ወር ማንጎው ሥር የተለማመደው አማርኛ አንድም ሳይዛነፍ ከአፉ ወጣ።

«የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ቾል እባላለሁ። የኮትጋር ክሊኒክ ሠራተኛ ነበርኩ። ለቆጠራ የመጡትን ባለሙያ ያነጋገርኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ወንዝ መውረዳቸውን ማስረዳት ነበረብኝ። አማርኛ ስለማላውቅ በደንብ አላስረዳሁም። ስሕተቱ የእኔ ነው። የሞቱትን ሰዎች ቤተሰቦች ይቅርታ እጠይቃለሁ። ክሊኒኩን ግን መልሱልን።»

ከዚያ ያንኑ በኑዌርኛ ደገመው። ከኋላ የተቀመጡት የኮትጋር ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ባለፈው ዓመት ወሩን የጠየቁኝ አዛውንት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ሚስቱ ሞታበት ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ፊት እኔ ሸሚዝ አበዳሪው፣ አስተማሪው፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። አቶ አለማየሁ የእኔን ገጽ ሊያነቡ መነጽራቸውን ሲያወጡ አየሁ። ያቺ ገጽ ከተነበበች በመዝገብ ትሰፍራለች፤ ኛኳችን የገደላት የባሏ አንደበት ነው ተብሎ ለዘላለም ይጻፋል።

እጄን ሳላወጣ ተነሣሁ።

«ነግሮኛል» አልኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅኩትም። «ሰዎቹ ወንዝ ወርደዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳሉ፣ ነገ ላሳይህ ብሎ ነግሮኛል። ገብቶኝ ነበር። የተናገረው ሁሉ ገብቶኝ ነበር። መሄድ ሰልችቶኝ ነው። ለቅቀው ሄደዋል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ወደ አዛውንቱ ዞርኩ። «ወሩ የካቲት ነበር።»

አስተርጓሚው ጥቂት አመነታና ወደ ኑዌርኛ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ አማርኛ የሚሰሙት፣ ከዚያ የማይሰሙት፣ በየተራ ወደ እኔ ዞሩ። ቾል ግን አስተርጓሚውን አልጠበቀም። ገና ስናገር ገብቶታል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አንቀጹ በዚያው ቀን ተሻሻለ። ክሊኒኩ ዝናብ ሳይጥል ተመለሰ፤ የአቦቦዋን መንደር ሳይነኩ አዲስ ፍሪጅ ተገኘለት። ቾልም ወደ ሥራውና ወደ ልጁ ተመልሷል። እኔ ተግሣጽ ተጽፎብኝ ወደ ዲማ ተዛወርኩ፤ ወርቅ ቆፋሪዎቹን ሽንት ቤት ቆፍሩ እያልኩ ሦስት ዓመት ለፈለፍኩ። ቅጣት ይሉታል። አቶ አለማየሁ ሲሰናበቱኝ «ጎበዝ፣ እውነቱን በመናገርህ ኮርቼብሃለሁ» አሉኝ፤ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም።

ስብሰባው እንዳበቃ ቾል ውጭ ጠበቀኝ። ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ቆሟል። ሸሚዙን አጣጥፎ ከደብተሩ ጋር ይዞታል።

«ገብቶዎት ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ደብተሬን ሲያርሙም?»

«ያኔም።»

ሸሚዙንና ደብተሩን እጄ ላይ አኖራቸው። ከዚያ በኑዌርኛ ተናገረኝ። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ረጋ ብሎ፣ ረጅም ጊዜ ተናገረኝ። ሲጨርስ ዞሮ ወደ ወንዙ ወረደ።

ከዲማ ከተመለስኩ በኋላ በየዓመቱ ለክትባት ኮትጋር እሄዳለሁ። ቾል ከነጂብ ጋር፣ ከስንታየሁ ጋር፣ ከማንም ጋር ጥርት ባለ አማርኛ ያወራል። ለእኔ ሲሆን በኑዌርኛ ብቻ ነው፤ አጠገቤ አስተርጓሚ አስቁሞ። ልጁ አድጋለች። ካርድ የምታድለው እሷ ናት።

ያን ቀን የተናገረኝን ሊተረጉምልኝ የሚችል ሰው ኒውላንድ ውስጥ ሞልቷል፤ ድምፁም አልጠፋኝም፣ ብጠየቅ ገሚሱን ልደግመው እችላለሁ። ማንንም አልጠየቅኩም። ሲናገረኝ ጆሮዬን አቁሜ «ማሌ» የምትለዋን ቃል ስጠብቅ ነበር። አልነበረችበትም። ሌላው አልገባኝም።